ወዳጁን ሊጠይቅ ስለ መጣ እንግዳ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ሳትሰማ አላደግህም። እንግዳን የሚያጠግበው የቀረበለት ማዕድ ብቻ ሳይሆን የአቅራቢው ፊት ጭምር ነው ማለት ነው። ነገር ግን እንግዳውም ይዞት የሚመጣው ፊት አለው። ስለ ሁለቱም ጥቂት ልንገርህ።

በዲላ ከተማ ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን፣ ከባሕር ማዶ መጥተው በመካከላችን የሚሠሩ ሐኪሞችንና መምህራንን ዐውቄአለሁ። እነርሱንም ሊጠይቁ ወዳጆቻቸው ይመጣሉ። እንዲህ ያለው እንግዳ ከቤቱ ሲነሣ «ወደ አፍሪካ እሄዳለሁ» ይላል። አፍሪካ ግን 54 አገሮች ያሉባት ሰፊ ምድር ስለሆነች ማንም በአንድ ጉዞ ሊደርስባት አይችልም፤ የሚደርሰው ከአንድ ሰው ደጅ ነው። ቦሌ ሲወርድ ዘመናችን ከእርሱ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አንሶ ያገኘዋል። «በሁለት ሰዓት እንገናኝ» ቢሉትም ጧት ማለታቸው መሆኑን አይረዳም። ከዚያም በሻሸመኔና በሐዋሳ አድርጎ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲላ ይገባል።

ወደ ገጠር ሲወጣም ዓይኑ ያታልለዋል፤ ጫካ የመሰለው ነገር እርሻ ነው። ከላይ እንደ ዋንዛ ያሉ ታላላቅ ዛፎች፣ ከዛፎቹ ሥር እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና ይበቅላል። ዩኔስኮ ይህን የጌዴኦ መልክዐ ምድር ከነጥንታዊ ትክል ድንጋዮቹ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እንግዲህ ዓይን ብቻውን ካልበቃ፣ እውነቱን የሚነግር ሰው ያስፈልጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እንግዳ ወዳጁንና አንድ ተማሪ አስተርጓሚ አስከትሎ ሲሄድ፣ እኔም አብሬ ነበርሁ። አንዲት አሮጊት እናት እንሰት ሲፍቁ ቢያይ፣ ሳይጠይቅ ፎቶግራፍ ማንሻውን አነጣጠረባቸው። እሳቸውም በጌዴኡፋ፣ «መጀመሪያ ሰላም ይበለኝ፤ ሰው ነኝ» አሉ። ተማሪው እንግዳውን ላለማስከፋት ብሎ «እንኳን ደኅና መጣህ ይላሉ» ሲል ተረጐመ። የእንግዳው ወዳጅ ግን ብዙ ዘመን ስለኖረ ቋንቋውን ያውቅ ነበርና ቃሉን እንዳለ ነገረው። ሰውየው አፍሮ ማንሻውን ከተተ፤ ጎንበስ ብሎም እጁን ዘረጋ። እሳቸው እጃቸው በእንሰቱ ርሶ ስለ ነበር አንጓቸውን ሰጡት፤ ከዚያም አስቀምጠው ቡና አስፈሉለት።

ልጆቼ ሆይ፤ ያ ተማሪ ክፉ ልጅ አልነበረም። እንግዳን ማክበር የመሰለው እንግዳውን መሸንገል ነው። ነገር ግን በአንዲት የተለሳለሰች ቃል ሁለት ሰዎችን በደለ፤ ያችን እናት ድምፅ ነሣቸው፤ እንግዳውንም ጥፋቱን ከማረም ከለከለው። ያ ወዳጅ ደፍሮ ባይናገር ኖሮ ሰውየው ፎቶግራፉን ይዞ ይሄድ ነበር፤ ሰው ግን ሳያገኝ ይመለስ ነበር።

እንግዲህ በሁለት ሰዎች መካከል ስትቆም ቃልን እንደ አደራ ቁጠር። በቆጮህና በእናትህ ሥራ አትፈር፤ እንግዳውንም አትለምነው፣ አትከተለው፣ አታጭበርብረው። ነገ አንተም ወዳጅህን ልትጠይቅ ባሕር ትሻገር ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከአገሩ ይልቅ ሰዉን አስቀድም፤ ዓይንህን ከመላክህ በፊት ሰላምታህን ላክ።