ከገራዶ ውርጭ እስከ ድንቅነሽ አገር

የከተማ ሰው በበጋ ሽርሽር ሲያስብ ሐዋሳን ወይም ባሕር ዳርን ይጠራል። እኛ የደሴ ልጆች ግን በግማሽ ቀን መንገድ በረሃ መግባት የምንችል ሰዎች ነን፤ ብዙም አልተጠቀምንበትም እንጂ። በጥር ገራዶ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጋቢ ደርባችሁ ትነሳላችሁ፣ ለምሳ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ።

ጉዞው የታሰበው ለአባቴ ነው። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ በዚህ መስመር ተሳቢ ሲነዳ ኖሯል። አሁን ግላኮማ የዓይኑን ብርሃን ከዳር ከዳር እየበላው ነው፤ የጠፋው እንደማይመለስ ሐኪሙ ነግሮናል። «ሳይመሽብኝ መንገዴን አንዴ ልየው» አለ። ባለቤቴ መሪ ያዘ፣ አባቴ ጋቢና ተቀመጠ፣ እኔና የሰባት ዓመቱ ልጄ ከኋላ።

በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርደን ኮምቦልቻ ነዳጅ ሞላን። ከዚያ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የምትሄዱ ከሆነ ቀኑን ሰኞ አድርጉት። ሙያዬ ገበያ ነክ ስለሆነ ይሆናል፣ ከባቲ ገበያ እኔን ማውጣት ከባድ ነበር። ደገኛው እህሉን፣ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ይመጣል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ድርድር ውስጥ ይቀላቀላሉ። አንድም ማስታወቂያ የለም፤ ሁሉም ሰኞን ያውቃል።

ከባቲ በኋላ መንገዱ ይወርዳል፣ አረንጓዴው ይሳሳል፣ ግራርና አቧራ ይቀራል። ወደ ሚሌ በሚወስደው መስመር እሊ ውሃ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ ሐዳር ይገባል። ጥርጊያ መንገድ ነው፤ ከፍ ያለ መኪና፣ ብዙ ውሃና የአካባቢው ተወላጅ መሪ ያስፈልጋል። ስለ ፈቃዱና ስለ መንገዱ ሰላም አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሰኔ አትሞክሩት።

ሐዳር ከሩቅ ምንም አይመስልም። ዳር ላይ ስትቆሙ ግን መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ተሸንሽኖ ይወርዳል፤ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ቀላ ያለ፣ እንደገና ግራጫ። ዛሬ ደረቅ የሆነው ቦታ ያኔ ወንዝ፣ ሐይቅና ዛፍ ነበረበት። ወንዙ አሸዋ፣ ሐይቁ ጭቃ፣ እሳተ ገሞራው አመድ እየደራረቡበት ኖረው ዝናብ ቦረቦረው። የሳይንቲስቶች ሰዓት አመዱ ነው፤ ዕድሜው ስለሚለካ ከላይና ከታች ያለው አጥንት ዘመን ይታወቃል። ዶናልድ ጆሃንሰን ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. እዚህ ያገኛት ድንቅነሽም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተባለላት በዚህ መንገድ ነው። አጥንቷ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ልጄ ቤቷን እንጂ እሷን ባለማግኘቱ ትንሽ አኮረፈ።

አባቴ ቀለሙን መለየት አቃተው። ልጄ እጁን ይዞ ከቦረቦሩ ግድግዳ ጋር አስጠጋውና ጣቱን ከላይ ወደ ታች አስኬደለት። «ይሄ ሻካራው አሸዋ ነው» አለ አባቴ። «ይሄ ልስልሱስ?» «ጭቃ ነው፣ አባባ፤ ሐይቁ!» ሁለቱ እንዲያ እያሉ ብዙ ቆዩ፤ እኔም ፎቶ ማንሳቱን ተውኩት። ከዚያ ጠጠር እንኳ አይነሳም፤ ልጄም ኪሱን ገልብጦ ለመሪያችን አሳየ።

ስንመለስ ባቲ ሳንደርስ ጨለመ። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ተደግፏል፤ የተኛ መስሎኝ ነበር። «ቀጥሎ ግራ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ማርሽ ቀንስ» አለው ባለቤቴን። መንገዱም ወደ ግራ ታጠፈ።