ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?

አባቴ ዕቁብ የወጣለት ጊዜ ያገለገለ ቤዝ ጊታር ገዛልኝ። የቤታችን ቆርቆሮ እስከ ዛሬ ያፈሳል፤ ገንዘቡ ለምን ታስቦ እንደነበር መገመት አያቅትም። ጥቂት ወራት ከተለማመድኩ በኋላ አንድ ማታ «እስቲ አንድ አሰማን» አለኝ። ከባንድ ጋር የምጫወተውን አንድ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳልሳሳት ተጫወትኩለት። ስጨርስ፣ «ጎበዝ! ዘፈኑስ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ። እያሾፈ አልነበረም፤ የምሩን እየጠበቀ ነበር።

እናቴ ሳቀች። እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እውነቱን እኮ ነው፤ ቤዝ ዘፈኑን ይሸከማል እንጂ ዜማውን አይናገርም። ድምፃዊው በሌለበት እኔ ምን አለኝ?

በማግስቱ ትዝታን ብቻዬን ልጫወት ተነሳሁ፤ ዜማውን ከላይ፣ ሃርመኒውን ከሥር። መጀመሪያ ከፒያኖ መጽሐፍ ኮርድ ቀዳሁ። በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ተቀራራቢ ኖታዎች አብረው ሲመቱ ግን ድምፁ ይደፈርሳል። መምህሬ «ሦስተኛውን ኖታ አንድ ኦክታቭ አርቀው» አሉኝ። ኤን በኢ ክር አምስተኛ ፍሬት፣ ሲ ሻርፕን በጂ ክር ስድስተኛ ፍሬት ላይ ያዝኩ። ወዲያው ጠራ።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነበር። ትዝታ ሜጀር ከኤ ሲነሳ ያሉት ኖታዎች ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ እና ኤፍ ሻርፕ ናቸው። እኔ ግን እንደለመድኩት የዲ ሜጀርና የኢ ሜጀር ኮርዶችን አስገባሁ። በአንደኛው ውስጥ ዲ፣ በሌላው ውስጥ ጂ ሻርፕ አለ፤ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። ከላይ ትዝታ፣ ከሥር ሌላ አገር ሆነብኝ። (ሆን ብለው እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፤ ያምርባቸዋልም። እኔ ግን የማስበው አባቴን ነበር።)

ስለዚህ ኮርዱን ተውኩት። ክፍቱን የኤ ክር በአውራ ጣቴ እየመታሁ፣ ዜማውን በሌሎቹ ጣቶች ጂ ክር ላይ ተጫወትኩ። ክፍት ክር መያዝ ስለማይፈልግ ግራ እጄ ለዜማው ነፃ ሆነ። ሐረጉ ሲያርፍ ወደ ክፍቱ ኢ ወረድ እላለሁ። ሲነገር ቀላል ነው። አውራ ጣት ግን ዜማው ሲፈጥን አብሮ ይሮጣል። ዜማውን በአፌ እያንጎራጎርኩ፣ እሱን ብቻውን እንዲራመድ ለማስለመድ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ባለፈው እሁድ ቡና እየተፈላ ተጫወትኩላቸው። ሁለተኛው ዙር ላይ ጣቴ ፍሬቱን ሳተና ዜማው ጠፋብኝ። ቀና ስል አባቴ፣ ስኒውን እንደያዘ፣ ካቆምኩበት ተቀብሎ ያንጎራጉራል። እኔም ወደ ዜማው አልተመለስኩም፤ አውራ ጣቴን ብቻ ይዤ ቀጠልኩ።