ነገ ና

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ፣ በራችን ተንኳኳ። ከፍቼ ባይ ጎረቤቴ ናቸው። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። «ይግቡ እንጂ እትዬ» ብላቸው፣ «አልገባም፤ ቡና ጥጄ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ቡና የጣደ ሰው ደግሞ ለቀላል ነገር ሰው በር ላይ አይቆምም።

«መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ለዚህ ልጅ አንድ ነገር ይበሉልኝ። ያ ነገር በቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ አፉን የሚከፍተው ለእንጀራ ብቻ ነው።»

ልጁን አውቀዋለሁ። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከፒያሳ አቶቴ በባጃጅ ይመላለሳል። ባጃጁ ቴፕ አለው፤ ግን አይከፍተውም፤ ቴፑ እሱ ራሱ ነው። በጥላሁን ገሠሠ ጀምሮ በማህሙድ አህመድ ይጨርሳል። ተሳፋሪው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያጨበጭባል፤ ቸኩሎ መልሱን ሳይቀበል የሚወርድም አለ።

ይኼ ልጅ ነው እንግዲህ ባጃጁን ለጓደኛው አስረክቦ፣ እናቱ ከዕቁብ ያወጡትን ብር ይዞ፣ ለአንድ የቴሌቪዥን የድምፃውያን ውድድር አዲስ አበባ የሄደው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ አንድ ደቂቃ ያልሞላ ዘፈነ። ከዳኞቹ አንዱ አንገቱን ደፋ፤ ሌላዋ አፏን በወረቀት ሸፈነች፤ ሦስተኛው «ቀጣይ!» አለ። አለቀ።

አለቀ ብሎ ያሰበው እሱ ነው። ከሳምንታት በኋላ ያቺ አንድ ደቂቃ በቴሌቪዥን ተላለፈች፤ ከቴሌቪዥን ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረች። አሁን የባጃጅ ተራው ላይ ስሙን የሚጠራው የለም። «ቀጣይ፣ አቶቴ ትሄዳለህ?» ነው የሚሉት።

ከዚህ በፊት ያልተናገርኩትን ልናዘዝ። እኔም አይቼዋለሁ። ልጆቼ ስልካቸውን አዙረው ሲያሳዩኝ ከት ብዬ ነው የሳቅሁት። የማን ልጅ እንደሆነ የገባኝ ሁለተኛ ሳየው ነው። እናቱ በሬ ላይ ቆመው ሲለምኑኝ ያ ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

እንዲህ ስል የድምፅ ውድድሮችን ከነጓዛቸው ላወግዝ የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። እወዳቸዋለሁ። እንግሊዞች «ፖፕ አይዶል» ብለው እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመሩት፣ አሜሪካኖች በዓመቱ የተቀበሉት ነገር እኛም ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በ1990ዎቹ «የኢትዮጵያ አይዶል» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሰው እየተጠራራ ያይ ነበር። ኋላ የአብርሃም ወልዴ «ባላገሩ አይዶል» መጣ፤ ከዚያም «ፋና ላምሮት»። አባት፣ ልጅና የቤት ሠራተኛ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እኩል የሚከራከሩበት ሌላ ምን ፕሮግራም አለ? ፓርላማው ሲተላለፍ እንዲህ አንሰባሰብም።

ደግሞ በር ከፍተዋል። ዱሮ ድምፅ ያለው ልጅ የሚያንኳኳው በር ይታወቅ ነበር። በ1927 የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ነበረ፤ የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ነበረ። እነዚያ ቤቶች ሲዳከሙ በድምፁ ብቻ ለሚመካ የክፍለ ሀገር ልጅ የቀረለት የአዲስ አበባ የምሽት ክበብ ወይም አልበም የሚያሳትምለት ባለገንዘብ ዘመድ ነበር። ዘመድ የሌለው ግን ብዙ ነው። ውድድሩ «ዘመድህ ማን ነው?» አይልም፤ «ምን ልትዘፍንልን ነው?» ይላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። እኛ ልጆች ሳለን ልጅ ዘፋኝ እሆናለሁ ካለ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ተብሎ ይገረፍ ነበር። ዛሬ እናት ልጇ መድረክ ላይ ሲቆም በደስታ ታለቅሳለች፤ ሦስት ስልክ ይዛ በየቤቱ ትዞርና «ለልጄ መልእክት ላኩለት» ትላለች። ስንትና ስንት ዘመን አዝማሪን በዘፈኑ እየተደሰትን በስሙ ስንሳደብ ለኖርን ሰዎች ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

እንከኑም ታዲያ ከዚሁ ጎን ለጎን ነው ያለው። አንደኛው ያው የስልክ መልእክቱ ነው። ሰው ድምፅ የሚሰጠው ለጉሮሮ ነው ወይስ ለትውልድ መንደር? ብዙ ስልክ ያለው ሰፈር ብዙ ጆሮ ያለው ይመስላል። ሁለተኛው ደግሞ ልጆቹን በሰው ዘፈን መለካቱ ነው። ጥላሁንን እንዴት እንደሚመስሉ ሲለማመዱ ይከርማሉ፤ ካሸነፉ በኋላ «እስቲ የራስህን» ሲባሉ ይጨንቃቸዋል። የባላገሩ አይዶል የመጀመሪያው ዙር አሸናፊ ዳዊት ጽጌ አልበሙን ያወጣው ካሸነፈ ከዓመታት በኋላ በ2013 ዓ.ም. ነው። ርእሱን «የኔ ዜማ» አለው። ያን ርእስ ባየሁ ቁጥር፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ዋንጫ ከወሰዱ በኋላም «የኔ» የሚባለውን ለማግኘት መንገዱ ረጅም መሆኑን ያስታውሰኛል።

ዳኛም ይሳሳታል። ጄኒፈር ሀድሰን እ.ኤ.አ. በ2004 በ«አሜሪካን አይዶል» ሰባተኛ ሆና ተሰናበተች፤ በ2007 የኦስካር ሽልማት ተቀበለች። ይህን ታሪክ የተሸነፈ ሁሉ ይወደዋል። እኔ ግን ለጎረቤቴ ልጅ ልነግረው አልፈለግሁም። ለምን? እውነቱን እንነጋገር፤ ልጁ ጄኒፈር ሀድሰን አይደለም። ድምፁ ይሰበራል፤ ከፍ ሲል ይስታል። ዳኞቹ «አይሆንም» ማለታቸው ስሕተት አልነበረም።

ታዲያ ምኑ ነው የከነከነኝ?

ብዙ ካሰብኩ በኋላ የቅኔ ቤት ትዝ አለኝ። የቅኔ ተማሪ ቀን ለብቻው ሆኖ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለመሪጌታው ይነግራል። ጓደኞቹ ከበው ይሰማሉ። መሪጌታው ካልጣማቸው አይራሩም፤ ቤቱ አልመታም፣ ምሥጢሩ አልተያዘም ይሉታል። ጓደኞቹም ይስቃሉ። እንደ ፍርድ ከታየ ከቴሌቪዥኑ የሚከፋ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ነገር ግን ያፈረሱበት መሪጌታ ራሳቸው ያቀኑለታል። በነጋታው ያው ተማሪ እዚያው ቦታ ይመጣል፤ ያው መሪጌታ ይጠብቁታል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የጀመረው ልጅ በስምንት ቤቱ መወድስ እስኪደርስ ስንት ጊዜ «አልሆነም» እንደተባለ ቆጥሮም አይዘልቀው። ግን «ቀጣይ» አልተባለም። ቀጣዩ እሱ ራሱ ነው።

ማህሙድም ቢሆን እንዲያው በአንድ ሌሊት አልተሠራም። በ1950ዎቹ አሪዞና በሚባለው የአዲስ አበባ የምሽት ክበብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ማታ ዘፋኞቹ ሲቀሩ ተነሥቶ እንደዘፈነ ይታወቃል። ይህን ሁላችንም እንደ ተረት እንወደዋለን። የምንረሳው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ክቡር ዘበኛ ገብቶ ዓመታት ከኦርኬስትራው ጋር መሥራቱን። አንድ ማታ በሩን ከፈተለት፤ ማህሙድን ማህሙድ ያደረገው ግን ከበሩ ወዲያ ያለው ቤት ነው።

የቴሌቪዥኑ ውድድር በር አለው፤ ቤቱ ግን ጠባብ ነው። መጨረሻ ዙር የደረሱት ጥቂቶች ይሠለጥናሉ፣ ከባንድ ጋር ይለማመዳሉ፤ ደግ ነው። ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ የተመለሰው ሁሉ ግን «አይሆንም»ን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ለምን እንዳልሆነ እንኳ አልተነገረውም። ይባስ ብሎም ውርደቱ ለሌሎቻችን መዝናኛ ይሆናል። የደካማው ድምፅ ተቆርጦ መጣል ሲችል ተመርጦ የሚታየው እኛ ስለምንስቅ ነው። ስለዚህ ዳኞቹን ብቻ ልወቅስ አልችልም።

በተለይ እኔ አልችልም። ከሃያ ዓመት በፊት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ተማሪ ግጥሙን ክፍል ውስጥ አነበበ። ደካማ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ግጥም ከምትጽፍ ደብዳቤ ብትጽፍ ይሻልሃል» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ጣመኝ። ግጥሙ የት ላይ እንደወደቀ፣ የትኛው ስንኝ ሊድን እንደሚችል ልነግረው ስችል፣ ሳቁን አጣጥሜ ወደ ሚቀጥለው ተማሪ ዞርኩ። ያን ቀን «ቀጣይ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ብር ላወጣ ባንክ ገብቼ ሳለ ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጠው ጎልማሳ ቀና አለና «መምህር፣ አላወቁኝም?» አለኝ። አላወቅሁትም። «ደብዳቤ ጸሐፊው ነኝ። ምክርዎን ሰምቼ ይኸው ደብዳቤ ስጽፍ እኖራለሁ።» እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔም ሳቅሁ። ብሬን ሳልቆጥር ወጣሁ።

ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው እንግዲህ በማግስቱ የጎረቤቴን ልጅ ያነጋገርኩት። ባጃጁን ሲያጥብ አገኘሁትና እንደ ልማዴ ሌክቸር ጀመርኩ። የፊቼ ጨምባላላን በዓል አነሳሁ፤ ጉዱማሌ ላይ ሲዳማ ቄጣላውን ሲል ድምፁ ያማረውም ያላማረውም አብሮ እንደሚያዜም፣ ማንም ማንንም ከመሀል እንደማያስወጣ፣ ዩኔስኮም በዓሉን በ2008 ዓ.ም. እንደመዘገበው ተረኩለት። አዳመጠኝ። ስጨርስ ቀና ብሎ፣

«ጋሼ፣ ቄጣላ ላይ አዚሞ ባጃጅ የገዛ ሰው ያውቃሉ?» አለኝ።

አላውቅም። ለካ ልጁ የፈለገው መጽናኛ አይደለም፤ ሙያ ነው። ሙያ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ማቆላመጥም ስድብ ነው። «መዝፈን ማን አስተማረህ?» አልኩት። «ማንም።» «ልትማር ትፈልጋለህ?» ዝም አለ። ከዚያ ጨርቁን ጨምቆ፣ «እንደ እርስዎ ያለ ሰው ስቆብኝ እንደነበር እናቴ አልነገረችዎትም?» አለኝ። ልጆቼ ነግረውታል መሰለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። በሃምሳ ዓመት በላይ ዕድሜዬ የሃያ ዓመት ልጅ ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደፈራሁት አይከብድም።

ታቦር ተራራ ሥር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አንድ የሙዚቃ መምህር አውቃለሁ። ወሰድኩት። ሰውየው ክራራቸውን አንስተው «በል» አሉት። አለ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። እስከ መጨረሻው የሰማው ሰው ያን ቀን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«አልሆነም» አሉት።

ልጁ መሬት መሬት አየ። እኔም አየሁ።

«ትንፋሽህን መጀመሪያው ላይ ትጨርሰዋለህ። ስለዚህ ላይ ስትወጣ ባዶ ነህ። ጆሮ ግን አለህ፤ ስትስት ይታወቅሃል፤ ፊትህ ላይ አይቻለሁ። ነገ ና። ነገም አይሆንም፤ ግን ና።»

ስንመለስ ዝም ብሎ ሲነዳ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ‹ትችላለህ› ነው ያሉኝ ወይስ ‹አትችልም›?» አለኝ።

«‹ነገ ና› ነው ያሉህ።»

አሁን ወራት አልፈዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ይሄዳል። ዘፋኝ ሆኗል አልላችሁም፤ ላይሆንም ይችላል። የባጃጅ ተራው ላይ አሁንም «ቀጣይ» ነው የሚሉት። እናቱ ግን ጠዋት ባጃጁን ሲያጥብ ማንጎራጎር እንደጀመረ፣ ድምፁም እንደዱሮው ሰፈር እንደማይቀሰቅስ ነግረውኛል። ትንፋሽ መቆጠብ ተምሯል ማለት ነው።

የቀረኝ የራሴ ዕዳ ነበር። ባለፈው ሰሞን ባንኩ ሄድኩና ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ፣ «ያን ግጥም አስቀምጠኸዋል?» አልኩት።

ግራ ገባው። «የትኛውን መምህር? ኧረ ድሮ ነው የጠፋው!»

«እንግዲያው ሌላ ጻፍ። አነበዋለሁ። ነገ እመጣለሁ።»

እየቀለድኩ መስሎት ፊቴን ትንሽ አየኝ። ከዚያ ሳቀ፤ እንደ ያኔው ሳቅ አልነበረም። ሊመልስልኝም የፈለገ ይመስለኛል። ከኋላዬ ግን ሰልፉ ረዝሞ ነበርና ቀና ብሎ ተጣራ፦

«ቀጣይ!»