«ኦሪጅናል አይደለም፤ የኢንዶኔዥያ ነው»

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጊታሩን እንዳስተካክልለት ይዞ መጣ። የከረጢቱን ዚፕ ገና ሳይከፍት «ጋሼ፣ ኦሪጅናል አይደለም፤ የኢንዶኔዥያ ነው» አለኝ። ድምፁ ውስጥ እፍረት ነበር። ጊታሩ አክስቱ ከቨርጂኒያ የላከችለት የፌንደር ስኳየር ስትራቶካስተር ነው፤ ሁለት ዓመት ጠብቆ ያገኘው። አውጥቼ አየሁት። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ፍሬት የሚባሉት የአንገቱ ብረቶች እኩል የተቀመጡ፣ ቀለሙ እንከን የሌለበት። ልጁ ግን ጓደኞቹ «የት አገር የተሠራ ነው?» እያሉ ስለሚስቁበት ይዞት መሄድ ማቆሙን ነገረኝ። ይህን የምጽፈው ለእሱና እሱን ለመሰሉ ነው።

«የየት አገር ነው?» የሚለውን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን። መርካቶ ገብተን መብራት ስንገዛም፣ ቧንቧ ስንገዛም መጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው እሱ ነው። ጃፓን ማለት የማይበላሽ፣ ቻይና ማለት ነገ የሚጣል፣ አሜሪካ ማለት ኦሪጅናል። ብዙ ገንዘብ ከስሮ የተማረ ሕዝብ ጥያቄ ስለሆነ አልንቀውም። ጊታር ላይ ሲመጣ ግን ያ ጥያቄ እውነቱን ከማሳየት ይልቅ የሚሸፍንበት ጊዜ ይበዛል።

ከጃፓን ልጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1960ዎቹ አሜሪካ ይገባ የነበረው የጃፓን ጊታር ርካሽ የጀማሪ ዕቃ ተብሎ ይናቅ ነበር፤ ዛሬ በኢንዶኔዥያው ላይ የሚባለው ሁሉ ያኔ በጃፓኑ ላይ ይባል ነበር። በ1970ዎቹ የማትሱሞቶና የሃማማትሱ ፋብሪካዎች የአሜሪካዎቹን የጊብሰንንና የፌንደርን ሞዴሎች እየፈቱ፣ እየለኩ፣ እየደገሙ ሲሠሩ እጃቸው ተፍታታ። በ1977 የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኩባንያ የጃፓኑን የአይባኔዝን የአሜሪካ አከፋፋይ በጊታሩ ራስ ቅርጽ ምክንያት ከሰሰ። በ1982 ደግሞ ፌንደር ራሱ ጃፓን ሄዶ ፌንደር ጃፓንን አቋቋመ፤ ሥራውን የያዘው የማትሱሞቶው ፉጂገን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ሲመጡ የፌንደር ሰዎች ለማልቀስ ጥቂት እንደቀራቸው ያኔ በኩባንያው ኃላፊ የነበረው ዳን ስሚዝ ኋላ ተናግሯል። እነሱ ስንት ጊዜ ሞክረው ያቃታቸውን ሌላ ሰው በአግባቡ ሠርቶ አሳያቸው።

ለምን አቃታቸው? አገሩ ያው አሜሪካ፣ ከተማው ያው ፉለርተን ነበር፤ ሊዮ ፌንደር በ1954 ስትራቶካስተርን ያወጣበት። በ1965 መጀመሪያ ላይ ሊዮ ድርጅቱን ሲቢኤስ ለተባለው የብሮድካስት ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ከዚያ በኋላ ዋናው ነገር በቀን ስንት ጊታር ወጣ የሚለው ሆነ። በ1970ዎቹ የወጡት ብዙዎቹ ከባድ ናቸው፤ ቀለማቸው ወፍራም ነው፤ አንገቱ ከገላው ጋር የሚገጥምበት ቦታ ሰፍቶ አንገቱ ወዲያና ወዲህ የሚንቀሳቀስባቸውም አሉ። ሰብሳቢዎች ዛሬም «ከሲቢኤስ በፊት» እና «ከሲቢኤስ በኋላ» ብለው ይለያሉ። ሁለቱም ላይ የተጻፈው አገር አንድ ነው! በ1985 የድርጅቱ ኃላፊዎች ፌንደርን መልሰው ሲገዙ የፉለርተን ፋብሪካ ከሽያጩ ውጭ ስለነበር፣ ኮሮና ካሊፎርኒያ ላይ አዲስ ፋብሪካ ከፍተው እስኪቆሙ ድረስ ኩባንያውን በአብዛኛው ደግፎ የያዘው ያ የጃፓን ጊታር ነው።

የጊብሰንም ታሪክ ተመሳሳይ ነገር ይነግረናል። በ1984 ጊብሰን የካላማዙ ሚሺጋንን ፋብሪካ ዘግቶ ሥራውን ወደ ናሽቪል ሲያጠቃልል፣ ከተማቸውን መልቀቅ ያልፈለጉ ሠራተኞች እዚያው አሮጌው ሕንፃ ውስጥ በ1985 ሄሪቴጅ የሚባል የራሳቸውን ጊታር መሥራት ጀመሩ። ስሙ ናሽቪል ሄደ፤ እጁ ካላማዙ ቀረ።

ስለ እጅ ካነሳሁ አቢጌል ኢባራን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ1956 ፌንደር ገብታ ከሃምሳ ዓመት በላይ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን የጊታር ክፍል) ስትጠመጥም የኖረች ሴት ናት። ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ዙር፣ በጣቷ እየመራች። ሰብሳቢዎች ዛሬ ፒክአፑን ገልብጠው የስሟን ሁለት መነሻ ፊደሎች ይፈልጋሉ፤ ካገኙም ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላሉ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት የአገር ስም ነው? አይደለም፤ የአንዲት ሴት ጣት ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ በየቀኑ የማየው እሱን ነውና። የዛሬ ጊታር እንጨት በአብዛኛው የሚቆረጠው በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን ነው። ያ ማሽን ኮሮናም ይቁም፣ ሜክሲኮ ኤንሴናዳም ይቁም፣ ቻይና ቺንግዳኦም ይቁም፣ የታዘዘውን መስመር ይቆርጣል። ልዩነቱ የሚመጣው ከማሽኑ በኋላ ነው። ፍሬቶቹ አንገቱ ላይ ከተመቱ በኋላ አንድ ሰው ቁመታቸውን በሞረድ እኩል ማድረግ፣ አናታቸውን መልሶ ማድቦልቦል፣ ጫፍ ጫፋቸውን እጅ እንዳይቧጥጡ ማለስለስ፣ መወልወል አለበት። ቀጥሎ ክሮቹ ወደ መቃኛዎቹ ከማለፋቸው በፊት የሚያርፉባት ነት የምትባለው ትንሽ ቁራጭ አለች። የስድስቱም ክር ማረፊያ እንደየውፍረቱ በቀጭን ሞረድ ይቀረጻል። ጥቂት ከፍ ካለ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ የምትይዙት ኮርድ ሁሉ ከቅኝት ይወጣል፤ ጥቂት ዝቅ ካለ ክሩ ይንጫጫል። ይህ ጊዜ የሚበላ ሥራ ነው። ርካሽ ጊታር ላይ መጀመሪያ የሚቆረጠውም ይኸው ጊዜ ነው።

ከዚያ ዕቃው አለ። በርካሹ ጊታር ላይ የትሬሞሎው (ድምፁን የሚያወዛውዘው ማንሻ) ብሎክ በአረብ ብረት ፋንታ ከዚንክ ቅይጥ ይሠራል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ትናንሽና ቀላል ይሆናሉ፤ ለገላው በአልደር እንጨት ፋንታ ፖፕላር ይገባል። ይህን የወሰነው ኢንዶኔዥያ ያለው ሠራተኛ ነው? በፍጹም። የወሰነው ጊታሩን ያዘዘው ኩባንያ፣ በዚህ ዋጋ መሸጥ አለበት ብሎ ሒሳቡን ሲሠራ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በሱራባያ አካባቢ ያለው የኮሪያው ኩባንያ የኮርት ፋብሪካ፣ ፒአርኤስ የተባለውን የአሜሪካ ኩባንያ ኤስኢ የሚባሉ ጊታሮች ይሠራል፤ በጥራታቸው የተመሰገኑ ናቸው። ያው አገር ነው፤ የተከፈለው ጊዜና የተላከው መመሪያ ግን ሌላ ነው።

የአሜሪካው አይሻልም አልልም። በአማካይ የፍሬቱ አጨራረስ ይሻላል፤ ብረቱ ይሻላል፤ የአንገቱ ጠርዝ መዳፍ ውስጥ ይለሰልሳል። ነገር ግን ከኮሮና 300 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቀው የፌንደር የኤንሴናዳ ፋብሪካ በ1987 ከተከፈተ ጀምሮ ሥራው እያደገ መጥቶ፣ ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቱን ብይዘው የትኛው የማን እንደሆነ ሁልጊዜ እለያለሁ ብዬ አልምልም። የዋጋው ልዩነት ከእጥፍ ሲያልፍ የጥራቱ ልዩነት እጥፍ አይደለም። ይህን በሙሉ ልብ እላለሁ።

እኔም ተታልያለሁ። ከዓመታት በፊት ያጠራቀምኩትን ሁሉ አፍስሼ የአሜሪካ ሥሪት የሆነ ጊታር አስመጣሁ፤ የማንን እንደሆነ አልናገርም። ነቱ ገና በትክክል አልተቀረጸም፤ አሥራ አራተኛው ፍሬት ከጎረቤቶቹ በላይ ቆሞ ነበር። በአገሩ ስም ተማምኜ ለወራት «ጥፋቱ የእኔ ጣት ነው» እያልኩ ራሴን ስወቅስ ኖርኩ። ሞረድ መያዝ የተማርኩት ያንን ጊታር ለማዳን ነው።

እዚህ አገር ደግሞ በጥራት ጉድለት ላይ የሚሳበብ ሌላ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በጥርና በየካቲት አየሩ ክው ብሎ ይደርቃል። ጊታሩ እርጥበት ካለው የወደብ አገር መጥቶ ከሆነ እንጨቱ ይኮማተራል፤ የፍሬቱ ብረት ግን አይኮማተርም። ስለዚህ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ብቅ ብሎ እንደ መጋዝ ጥርስ ይቧጥጣል። ሰው ይዞት ይመጣና «ይኸው፣ የኢንዶኔዥያ ነው አላልኩም?» ይላል። የካሊፎርኒያውም ተመሳሳይ ነገር ሲደርስበት አይቻለሁ።

የአገሩ ስም አንድ ነገር በእርግጥ ይናገራል፤ ስለ ደመወዝ። ከ1985 በኋላ የን ሲወደድ ርካሹ ሥራ ከጃፓን ወደ ኮሪያ ሄደ። ኮሪያ ውስጥ ደመወዝ ሲያድግ ወደ ኢንዶኔዥያና ወደ ቻይና ተሻገረ። ኮርት በ2007 የኮሪያ ሠራተኞቹን ሲበትን፣ ለትልልቅ ስሞች ጊታር ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። ተቃውሟቸው በስምምነት የተቋጨው በ2019 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት። ጊታር ሠሪው እጁ ስለደከመ አልተባረረም፤ ጥሩ ሠሪ ሆኖ ኑሮው ሲሻሻል ውድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ «የኮሪያ ነው»፣ «የኢንዶኔዥያ ነው» ብለን አፋችንን ስናጣምም የምንንቀው የማንን ላብ እንደሆነ ባስብ ያመኛል።

ያ ልጅ ጊታሩን ትቶልኝ ሄደ። የፍሬቶቹን ጫፍ አለሰለስኩ፣ ነቱን በአጥንት ቀየርኩ፣ በአንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ ሩብ ዙር አጠበቅኩ፣ አዲስ ክር አሰርኩ። ከግማሽ ቀን በላይ አልፈጀም። ሲመጣ አምባሰል ሞከረበት፤ ከዚያ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ያው ጊታር ነው?» አለኝ።

ያው ጊታር ነው። እናንተም አልጋ ሥር የደበቃችሁት ካለ አውጡትና ወደሚያውቅ ሰው ውሰዱት። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አገሩን ከማንበባችሁ በፊት የአንገቱን ጎን በጣታችሁ ዳብሱ፤ እያንዳንዱን ፍሬት በየክሩ ተጫወቱ፤ ክሩን ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁና ቅኝቱ ወደ ቦታው መመለሱን ስሙ። በመጨረሻ ገልብጣችሁ የት እንደተሠራ አንብቡ።