የሰው ኢንተርኩለር፣ የራስ ሞተር

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር ውስጥ እንደማይገባ ሲናገሩ፣ አብዛኛው ክርክር የዞረው በቻርጀርና በመብራት መቆራረጥ ዙሪያ ነበር። መንገድ ላይ ያለው አሮጌ መኪና ምን ይሁን ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። ለዚህ ጥያቄ መልሱ የተገኘው ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ከጋራዥ ነው።

መልሱም አጭር ነው፤ አሮጌው ይቀጥላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበር። ቀጥሎ እገዳው መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት በንግድ ባንክ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገባ። በዓመቱ ከ130 ብር አልፏል። ሦስቱን ደምሮ ማሰብ ነው። መኪና ያለው ሰው ሌላ መኪና አይገዛም፤ ያለውን ያስታምማል። የሚያስታምምበት ዕቃ ደግሞ አዲስ ከሆነ ዋጋው በዶላር ስለሚቆጠር፣ ከሌላ መኪና የተፈታ ይፈልጋል። ሶማሌ ተራ የሚሄደው ለዚህ ነው።

አዲሱ ገበያ ይህ ሁሉ የሚፈተንበት ሰፈር ነው። ከፒያሳ በሰሜን ሆቴል በኩል የወጣ መኪና እዚህ ሲደርስ ዳገቱን ጨረስኩ ብሎ ሳያርፍ ሌላ ይጀምረዋል፤ የጎጃም መንገድ ነዋ። ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከ ጡሪ፣ ደብረ ጽጌ፣ ፍቼ፣ ጎሃ ጽዮን። ከዚያ የዓባይ በረሃ፤ ወደ 1,400 ሜትር ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት። የሞተር ጤና በሐኪም ሳይሆን በዚህ መንገድ ይታወቃል።

ከሰላሌ ወተት የሚያመላልስ አንድ ሰው አለ እንበል። እንበል ቢባልም እንዲህ ያለ ሰው በዚህ መንገድ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ዕድሜው ሃምሳዎቹን አልፏል፤ ሃይሉክስ ፒካፕ አለው፤ ዲ-ፎር-ዲ የሚባለው፣ ኮፈኑ ላይ አየር መቀበያ አፍ ያለው፣ ባለ ቱርቦ ናፍጣ። ሌሊት ይወጣል፣ ከገበሬው ይሰበስባል፣ ረፋዱ ሳይገፋ ከተማ ያስረክባል። ወተት በረዶ ቤት እስኪገባ ድረስ ሰዓት የሚቆጥር ዕቃ ነው። መኪናው ግን ሰሞኑን ዳገት ላይ እየደከመ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ ከኮፈኑ ሥር እንደ እባብ እየተነፈሰ አስቸግሯል። ናፍጣውም ጨምሯል። ናፍጣ ደግሞ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በሊትር 98 ብር ከ98 ሳንቲም ከገባ ወዲህ "ትንሽ ጨመረ" የሚባል ነገር አይደለም።

በዚያ መንገድ መኪና መድከም ሌላም ትርጉም አለው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ብዙ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው መታገታቸውን ያልሰማ ሹፌር የለም። ከዚያ ወዲህ "መንገድ ላይ ቆሜ አሠራዋለሁ" የሚል ሰው ቀንሷል።

የሰፈሩ መካኒክ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ልጅ ነው። የሳሙና አረፋ በብሩሽ እየቀባ ሞተሩን አስነዳው። አረፋው ከኢንተርኩለሩ ጥግ፣ ከብየዳው ሥር ተንፈቀፈቀ።

"ጋሼ፣ ተሰንጥቋል። ሲነዱት የሚሰሙት ድምፅ ይሄ ነው።"

"በአርጎን አይበየድም?"

"ይበየዳል። ግን አሉሚኒየሙ ሳስቷል፤ ዛሬ እዚህ ቢያስበይዱት ነገ እዚያ ይፈነዳል።"

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ማስረዳት ይገባል። ቱርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ጉልበት የሚሽከረከር የአየር መጭመቂያ ነው። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው በ1905 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ሞተር ከነቱርቦው ጭኖ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቶ ፈተነው፤ አየር በሳሳበት ቦታ ሞተር ጉልበቱን እንዳያጣ የሚያደርገው ይህ መሣሪያ መሆኑን ለማሳየት። አዲሱ ገበያ ፓይክስ ፒክን አያክልም፤ ግን ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው መኪና ከእንጦጦ ሥር ሲያቃስት የሚታየው ለዚህ ነው።

አየር ሲጨመቅ ግን ይግላል። በ20 ዲግሪ የገባ አየር ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የጋለ አየር ደግሞ መልሶ የሳሳ አየር ነው። ኢንተርኩለር መሃል ገብቶ ያንን ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ካወረደው፣ በዚያው ግፊት ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ከአንድ ስድስተኛ በላይ ይጨምራል። እንግዲህ ዕቃው ራዲያተር የሚመስል፣ ውኃ ሳይሆን አየር የሚያልፍበት የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ለዚህም ነው ሰው "ይሄ ምን ይበላሻል?" ብሎ ያገለገለውን ያለ ሥጋት የሚገዛው።

ሥጋቱ ያለው ግን ከውስጥ ነው። ኢንተርኩለር ከመኪና ተፈትቶ ሶማሌ ተራ የሚደርሰው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ መኪናው ተጋጭቷል፣ ወይ ሞተሩ ሞቷል። የተጋጨው ባይደላም ይሻላል። ሞተሩ የሞተው ግን አስፈሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሞተው ቱርቦው ነውና። ቱርቦ ሲሰበር ምላጭ የመሰሉ ክንፎቹ ተሰባብረው በአየሩ ተገፍተው ኢንተርኩለር ውስጥ ይገባሉ፤ በውስጡ ባሉት ቀጫጭን እጥፋቶች ውስጥ ይሸጎጣሉ። አዲሱ ባለቤት ሲገጥመው፣ ሞተሩ ጉልበት በጠየቀ ቁጥር አንድ አንዱ ተላቅቆ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ዘይትም አለ። ያረጀ ቱርቦ ዘይት ይተፋል፤ ዘይቱ ኢንተርኩለር ሥር ይጠራቀማል። ናፍጣ ሞተር ዘይት ካገኘ ዘይቱን እንደ ነዳጅ ያነደዋል። ቁልፍ ቢዘጋም የማይጠፋ፣ እየጮኸ ራሱን እስኪሰብር የሚሮጥ ሞተር ያየ መካኒክ ያንን ቀን አይረሳም። ዋናው መቆሚያው አየሩን ማፈን ነው።

ሰውዬው ያገለገለውን ይዞ የመጣው ከሰዓት ላይ ነበር። ደረሰኝ የለውም። ከምን መኪና እንደተፈታ ሻጩ "ከዱባይ ነው" ብሎታል። ሶማሌ ተራ ሁሉም ነገር ከዱባይ ነው።

"አሁኑኑ እሰርልኝ፣ የኔ ልጅ። ወተቱ እኮ አይጠብቅም።"

"ጋሼ፣ ዛሬ ካሰርኩልዎት ሌላ ቀን ሞተር አስጭነው ነው የሚመጡት። አንድ ቀን ይስጡኝ።"

ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ዕቃውን እንደ ጽናጽል መነቅነቅ ነው። ካንሿከከ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ብረት የገባበት ኢንተርኩለር ሙሉ በሙሉ አይጸዳም፣ ይጣላል። አላንሿከከም። በስልኩ መብራት አፉን አየ፤ ጥቁር ዘይት። ከዚያ ነጭ ጋዝ ሞላበትና ሁለቱን አፎች ደፍኖ እያገላበጠ አሳደረው። ቤንዚን የማይጠቀሙት ብየዳ ቤት አጠገብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እጥፋቶቹ ውስጥ የቀረ ቤንዚን በኋላ የት እንደሚነድ አይታወቅም። ፈጥኖ ያነጣል ብሎ ኮስቲክ ሶዳ የሚጨምር አለ፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ራሱን ይበላዋል። በረኪናም ቢሆን ወዳጁ አይደለም።

ጠዋት ጋዙን በነጭ ጨርቅ አጥልሎ ቀዳው። የዚህ ሥራ ዋናው ሰዓት ይህ ነው፣ ሁለት ደቂቃም አይፈጅ። ጨርቁ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ ትናንት የተከፈለው ገንዘብ የለም። ባለ ወተቱ አጎንብሶ ከልጁ ጋር ጨርቁን ወደ ፀሐይ እያዘነበለ አየ። ጥቁር ዝቃጭ፣ አሸዋ መሰል ካርቦን፣ ብልጭታ የለም። ማግኔት ቢያስጠጉስ? አይጠቅምም፤ የቱርቦው የአየር ወገን ክንፍ እንደ ኢንተርኩለሩ አሉሚኒየም ነው። ዓይን ነው የሚፈርደው። ልጁ አንዴ ደግሞ ጋዝ ሞልቶ ቀዳ። ከዚያ ሙቅ ውኃ በላርጎ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ አምስት ስድስት ጊዜ።

የውጭው ክንፍ ሌላ ታሪክ ነው። ብዙ ሰው ላቫጆ ወስዶ በግፊት ውኃ ያስመታዋል፤ ስስ ክንፎቹ ይተኛሉ፣ አየር አያሳልፉም፣ ንጹሕ የሚመስል ግን የማያቀዘቅዝ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። ልጁ በቀስታ ውኃ ከጀርባ ወደ ፊት እየለቀቀ ጭቃና የሞተ ነፍሳት አወጣ፤ የተኙትን ክንፎች በቀጭን ካቻቢቴ አንድ በአንድ አቃና። አሰልቺ ሥራ ነው። የሚከፈልበትም አይደለም።

በነገራችን ላይ የዚህ ሙያ ቋንቋ ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፤ ሁሉም ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው። ቱርቦ፣ ኢንተርኩለር፣ ሴንሰር ሲባል ግን ቋንቋው ይለወጣል፤ እነዚህ ከጃፓን መኪና ጋር በእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። አንድ መኪና ላይ ቆሞ የትኛው ክፍል መቼ እንደገባ ከስሙ መናገር ይቻላል።

ለፍተሻው ጎሚስታው ዘንድ ሄዱ። አንዱ አፍ በጎማ ተደፈነ፤ በሌላው ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ መንፊያ ታሰረ። ጎሚስታው እንደ ልማዱ ሊነፋው ሲል ልጁ እጁን ያዘው። የጎማ መጭመቂያ ከስምንት ባር በላይ ሊሰጥ ይችላል፤ ለዚህ ዕቃ ሁለት ባር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ መድፈኛው እንደ ጥይት ይወጣል። ጎማ በሚፈተሽበት የውኃ ገንዳ ውስጥ ነከሩትና ጠበቁ። አረፋ አልወጣም።

መግጠሙ ላይ አብዛኛው ጋራዥ የሚዘልለው ሁለት ነገር አለ። አንዱ የቱርቦውን ዘንግ በጣት ነካ አድርጎ መፈተሽ ነው፤ ወደ ጎን የሚጫወት ከሆነ የተጸዳው ኢንተርኩለር በወር ውስጥ መልሶ ዘይት ይሞላል። የባለ ወተቱ ደህና ነበር። ሌላው ከኮፈኑ ሥር ያለው ስፖንጅ ነው። በኮፈኑ አፍ የሚገባው ነፋስ በኢንተርኩለሩ ክንፎች መሃል እንዲያልፍ የሚያስገድደው ያ ስፖንጅ ነው። ከበሰበሰ ነፋሱ በጎን ያልፋል፤ ኢንተርኩለሩ የሞተሩን ሙቀት እየጠጣ ይቀመጣል። ልጁ ከአሮጌ ፍራሽ ላይ ቆርጦ ሊተካው ሲል ተወው፤ እሳት ይይዛል። ከወፍራም ጎማ ቆርጦ ሠራለት። የደረቁት ሁለት የጎማ ቱቦዎች በአዲስ ተተኩ፤ ከሁሉም አዲስ የተገዛው እነሱ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ለመንግሥት ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይጠባም፤ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ለአዲሱ ገበያ ዳገት ከናፍጣ ይልቅ እሱ ይስማማል። የሚኒስቴሩ መነሻ ሐሳብ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ነባሩ መኪና ባንድ ጀምበር የሚጠፋ ይመስል ስለሱ ምንም አለማለት ነው። አሮጌው ዕድሜው ሲራዘም የሚራዘመው ባገለገለ ዕቃ ነው፤ ያገለገለው ዕቃ ገበያ ደግሞ ከየት መጣህ የሚለው የለም። ከየትኛው መኪና እንደተፈታ የሚገልጽ ወረቀት የለም፣ የተሰረቀውን ካልተሰረቀው የሚለይ የለም፣ በሁለት ባር ነፍቶ ውኃ ውስጥ የሚነክር የለም። ዓመታዊው ምርመራ ፍሬንና መብራት ያያል፤ ቦሎ ይለጠፋል። ቀሪውን የሚመረምረው ነጭ ጨርቅ የያዘ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ እሱም ደንበኛው አንድ ቀን ከፈቀደለት። አብዛኛው ደንበኛ አይፈቅድም፣ መፍቀድም አይችልም፤ የአንድ ቀን ወተት የአንድ ቀን ገቢ ነው።

ባለ ወተቱ ሂሳቡን ከፍሎ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ። የሚተነፍስ ነገር የለም። ከዚያ ግን አልሄደም፤ ወርዶ ጥግ ላይ ወደተጣለው ወደተሰነጠቀው የራሱ ኢንተርኩለር ሄደ።

"ይሄን ምን ታደርገዋለህ?"

"ለቆራሌው ነው ጋሼ፤ በኪሎ ይወስዱታል።"

"በኪሎ ከሆነ መጋዙን አምጣና ለሁለት ክፈለው። ቀባብተው ከዱባይ ነው ብለው ለሌላ ሰው እንዳይሸጡት።"

ልጁ ሳቀ፤ መጋዙንም አመጣ።