ሻሽና ማተብ

የመካነ ሰላም ጠዋት ጆሮ ይቆነጥጣል። ከደሴ ተነስቶ ጉጉፍቱን የወጣ፣ አቀስታንም ያለፈ መንገደኛ ብርድ ብርቁ ባይሆንም፣ ቦረና ገብቶ ያደረ ሰው ጠዋት ከደጅ ብቅ ሲል መጀመሪያ የሚያደርገው ጋቢውን እስከ አፍንጫው መሳብ ነው። እኔም ያንኑ አድርጌ፣ ከአንዲት ቡና ቤት በረንዳ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚወርዱትን ልጆች ሳይ ነው ስለ ሻሽ ማሰብ የጀመርኩት። ሴቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ራሳቸው ላይ አንድ ነገር ጣል አድርገዋል፤ አንዷ ጥቁር ሻርፕ፣ አንዷ አበባ ያለበት ሻሽ፣ አንዷ የእናቷን ነጠላ አጣጥፋ። የትኛዋ ለሃይማኖት፣ የትኛዋ ለብርድ፣ የትኛዋስ ሳትሠራ ያደረች ጸጉሯን ለመሸሸግ እንደተሸፈነች ከሩቅ እለያለሁ የሚል ሰው ካለ፣ እሱ የዚህ አገር ሰው አይደለም። በደጋው ወሎ ሻሽ የእናቶች ሁሉ ነው። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ታስረዋለች፤ ልዩነቱ አስተሳሰሩ ላይ ነው፤ አንዷ ወደ ማጅራቷ ትቋጥረዋለች፣ ሌላዋ አገጯ ሥር ታዞረዋለች። ቋጠሮው እስኪታይ ድረስ ሻሽ ሃይማኖት የለውም።

ነገሩን ያነሳሁት ባለፈው አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርቼ ስለሰማሁት ጨዋታ ነው። ወላጅ ከወላጅ ጋር ቡና ላይ ሲገናኝ ወሬው ከዝናብ ይጀምርና፣ የጤፍን ዋጋ ዞሮ፣ የጎረቤት ሰርግ ላይ ትንሽ አረፍ ብሎ፣ ማደሪያው የልጅ ደብተር ነው። የዚያን ቀን ግን አቦሉ ሳይቀዳ እዚያው ደረሰ። የእኚህ እናት ልጅ አምስተኛ ክፍል ናት። አንድ ጠዋት፣ ትምህርት ቤቱን ልተወው፣ አዲስ የመጣ መምህር በር ላይ ቆሞ «ሻሽሽን አውልቂ፤ እዚህ ሃይማኖት የለም» ይላታል። ልጅቱ አልተከራከረችም። አገጯ ሥር ያለውን መርፌ ቁልፍ ነቅላ፣ ሻሿን አራት ላይ አጥፋ፣ ከሒሳብና ከአካባቢ ሳይንስ ደብተሮቿ መካከል አስገባችው። ቀኑን ሙሉም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዋለች። ማታ እናቷ «ምነው ቦርሳሽን አቅፈሽ መጣሽ?» ሲሏት፣ «ሻሼ ውስጡ ነበረ፤ መሬት ላስቀምጠው እንዴ?» አለች።

«ወላሂ የኔ ልጅ፣ መምህሩን አልጠላውም» አሉኝ እናትየዋ፣ ረከቦቱን ወደ ራሳቸው ሳብ እያደረጉ። «እሱም የሰው ልጅ ነው፤ ከአገሩ ርቆ፣ ደሞዙ ሳይበቃው የሚያስተምር። ግን የልጄን ራስ ካየ አይቀር፣ ውጩን ትቶ ውስጡን ቢያይልኝ ምን ነበረበት?»

አጠገባቸው ቆሎ ይዘው የመጡት ጎረቤታቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ማተባቸው ጥቁር ነው፣ ከብዙ ዘመን መታጠብ ጫፉ ወደ ቡናማ የሄደ። «የኔዋንስ ማተብሽን ብሏት አልነበር?» አሉ። ብሏታል። ልጅቱ ግን ሁለት ጣቷን አንገቷ ሥር ሰደድ አድርጋ ማተቧን ከደንብ ልብሷ ኮሌታ በታች ከታ ገባች፤ አለቀ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩና ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ያቺ ባለ ሁለት ጣት እንቅስቃሴ አልለቀቀችኝም። መምህሩ ለሁለቱም ልጆች ያው አንድ ቃል ነው የተናገረው። ለአንዷ የዓይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ ወሰደባት፣ ሌላዋን ቀኑን ሙሉ ቦርሳ አሳቀፋት። ሕግ ዓይን እንጂ ጣት የለውም፤ ከኮሌታ ሥር አይገባም።

ሕጉ ደግሞ ሲያነቡት ደህና ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትም ከፖለቲካም ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው ኮትኩተው የማሳደግ መብት አላቸው ይላል። ወረቀት ላይ ሁለቱ ጥሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ልጅቱ ግን ያላት አንድ ራስ ነው፤ የአንቀጽ 27ን ራስ ቤቷ አስቀምጣ የአንቀጽ 90ን ይዛ አትሄድም። ትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. በትምህርት ተቋማት ውስጥ ስለሚደረግ አምልኮ መመሪያ ሲያዘጋጅ፣ ሐሳቡ በግቢ ውስጥ የሚደረግ የቡድን ጸሎትንና ፊትን የሚሸፍን ልብስን መከልከል ነበር። ጸጉር መሸፈን ሌላ ነገር ነው፤ ይሁንና መመሪያ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ገጠር በር ላይ እስኪደርስ እንደ ጎርፍ ነው፤ በየመንገዱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። በ2017 አክሱም ላይ ከመቶ በላይ ሴት ተማሪዎች በሂጃባቸው ምክንያት የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሲቸገሩና ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ የእግድ ትእዛዝ ሲወጣ፣ ቦረና ውስጥም ብዙ እናቶች ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው ሰምተዋል። አስራ ሁለት ዓመት የተማረች ልጅ በጨርቅ ምክንያት ፈተና አፋፍ ላይ ስትቆም ማየት፣ የማንም ሃይማኖት ወላጅ ይሁን፣ ሆድ ይበላል።

እዚህ ላይ ወሎ ለምን ጆሮው ቶሎ እንደሚቆም ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ከደሴ ከተማ እምብዛም የማይርቀው ቦሩ ሜዳ ላይ፣ በ1870 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ሰብስበው የወሎ ሙስሊም በተቆረጠለት ጊዜ ክርስትና እንዲነሳ አወጁ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ፤ እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉት ደግሞ እንቢ ብለው ሸፈቱ። ያላመነበትም ቀን ቀን ተጠምቆ፣ ሌሊት ሌሊት ሰግዶ አሳለፈው። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው እንግዲህ የራስ ስሙ ከመስጊድ፣ የአባቱ ስም ከቤተ ክርስቲያን፣ የአያቱ ስም ከሁለቱም የሆነ ልጅ ስም ጥሪ ላይ «አቤት!» የሚለው። ከሌላ አገር የመጣ መምህር እንዲህ ያለ ስም ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ለአፍታ ቆም ይላል፤ ቀና ብሎ ልጁን ያየዋል፤ ከዚያ ምልክቱን አድርጎ ይቀጥላል። ያቺን አፍታ አይቻታለሁ። ክፋት የለባትም፤ ልጁ ግን ያውቃታል።

ቀድሞስ ትምህርትና ሃይማኖት መቼ ተለያይተው ያውቁ ነበር? ከመካነ ሰላም ወዲያ ሳይንት ላይ ያለችው ተድባበ ማርያም ገና ክርስትና ሳይመጣ መሥዋዕት ይሠዋባት ነበር የሚባልላት፣ ስንት ትውልድ ፊደል የቆጠረባት ደብር ናት። እዚያው ደጋ ላይ ደግሞ ደረሳው ሉሁን አቅፎ ከሼኹ ደጅ ይቀመጣል። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ደረሳውም በበኩሉ፣ የሚለምኑት ያንኑ መንደር ነበር፤ የሚጮህባቸውም ያው ውሻ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ እንኳ፣ ቤተ ክህነት እንዳይደነግጥ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች እንዲሆኑ ተደረገ። ስለዚህ ሃይማኖትን ከክፍል ማስወጣት ለእኛ አዲስ ልማድ ነው፤ እኔ በበኩሌ ጥሩ ልማድ ነው እላለሁ፤ ወሎን በመሰለ አገር የመንግሥት መምህር የአንዱን ጸሎት መርጦ ቢያስደግም ሌላው ልጅ የት ይገባል? ወላጆቹም ቢሆኑ ያን አልጠየቁም። የሚያስከፋቸው፣ ሃይማኖት በበሩ ወጥቶ በመምህሩ አፍ ሲመለስ ነው፤ ትምህርቱን በራሱ ጸሎት የሚጀምር፣ «ዛሬ ያልጾመ ማነው?» ብሎ እጅ የሚያስወጣ መምህር ሲገጥማቸው። እጅ ማውጣት ለሒሳብ ጥያቄ ነው።

ጎረቤትየዋ ያነሱት ግን ከሻሽም ከማተብም የሚከብድ ነበር። ልጃቸው አራተኛ ክፍል ደርሳ አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ አትወጣም። «አባቷ የኔታ ዘንድ በአንድ ክረምት ፊደል ለይቶ፣ በዓመቱ ዳዊት ደግሟል» አሉ። እናትየዋም ቀበል አድርገው፣ ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት ልጃቸው ቁርአን ቤት ውላ አንዲት ሱራ እንዳልቀራት፣ ግን አማርኛዋ ባለበት እንደቆመ ተናገሩ። የኔታም ሼኹም የሚጠይቁት ድምፅ ነው፤ ልጅ ከፍ አድርጎ ካላነበበ ያነበበ አይባልም። እኛ ደግሞ ስድሳ ሰባ ልጅ አንድ ክፍል አስገብተን ጸጥ በሉ እንላለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017ም 8.4 ላይ ነው የደረስነው። ያ ቁጥር የተፈለፈለው እዚያ ታች፣ አራተኛ ክፍል፣ ገጹ መሐል የተደናቀፈች ልጅ ዘንድ ይመስለኛል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት የተነሳ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጅ ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኗል ሲባል፣ ይህ የሻሽ ቅሬታ ራሱ በሩ የተከፈተለት ወላጅ ቅሬታ መሆኑን አልረሳም። በሩ ላይ የሚያከራክር መምህር ማግኘትም አንድ ነገር ነው።

ወሎ ሰርግ የበላ ሰው የማውቀውን ያውቃል። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በጉን ነጥሎ ይሰጣል፤ አራጁ ከእነሱ፣ ቢላዋው የእነሱ፣ ድስቱ የእነሱ፣ ወጥ ሠሪዎቹም እነሱ። ደጋሹ ሙስሊም ከሆነ ነገሩ ተገልብጦ ያው ነው። ማንም ማንንም «እዚህ ሃይማኖት የለም» አይለውም፤ ሃይማኖት አለ፣ ሁለት ቢላዋ ተዘጋጅቶለታል፤ ዘፈኑና ጭፈራው ግን አንድ ድንኳን ውስጥ ነው። ድስት ተለየ ብሎ ወዳጅነት የቀዘቀዘበት ሰርግ አላየሁም። መንግሥትም ቢሆን ይህን ብልሃት አያውቀውም አይባልም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ሙስሊሞች አደባባይ ወጥተው እኩልነት ከጠየቁ በኋላ ዒድ፣ አረፋና መውሊድ ከገናና ከፋሲካ ጎን የሕዝብ በዓል ሆኑ። ዓርብ ቀንም የመንግሥት መሥሪያ ቤት 5፡30 ወጥቶ 7፡30 ይመለሳል፤ ጁምዓ የሚሰግደው ይሰግዳል፣ የማይሰግደውም ምሳውን ረጋ ብሎ ይበላል፤ የተጎዳ የለም። እንግዲህ ለጁምዓ ሲል ሰዓት መሳብ የሚያውቅ መንግሥት፣ ከሰዓት ፈረቃ ያለው ልጅ ዓርብ ዓርብ በደወልና በአዛን መካከል ሲሯሯጥ ማየት የለበትም ባይ ነኝ። የቤቱን ቋጠሮ የቤቱ ሰው ያስረው፤ መምህሩ ለሁለቱም ልጆች ያችኑ ገጽ ያስነብብልን።

በረካው ሲቀዳ እናትየዋ ዱዓ አደረጉ፤ ጎረቤታቸውም እኔም አሜን አልን። ከዚያ ሻሹ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅሁ። ሁለቱ እናቶች ተያይዘው ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደው፣ ክርስቲያኗ ናቸው አሉ መጀመሪያ የተናገሩት፤ ርዕሰ መምህሩም የአገሩ ሰው ነበሩና ነገሩ በዚያው ቀረ። መምህሩስ? «እሱማ አሁን ይስቅልናል» አሉ እናትየዋ፤ «ባለፈው መውሊድ ጠርተነው ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ከዚያችው በረንዳ ሆኜ ሁለቱን ልጆች አየኋቸው። ታች፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ሲደወል ሩጫ ጀመሩ። ትልቂቱ በመሐል ቆም ብላ በነፋሱ የተፈታ ሻሿን አገጯ ሥር ስትቆልፍ፣ ታናሺቱ የጓደኛዋን ቦርሳ ተቀብላ ያዘችላት። መርፌ ቁልፉ እንቢ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ታናሺቱ ጎንበስ ብላ ለመቆለፍ ስታግዝ ማተቧ ከኮሌታዋ ወጥቶ ተወዛወዘ። አልመለሰችውም፤ ጊዜም አልነበራትም፤ ደወሉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመታ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ።