ከመረብ ማዶ የመጡት ወጣቶች

የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ የሚያልፈው ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ባሠራው ዋሻ ውስጥ ስለሆነ፣ ያንን ወረራ ሲታገሉ የወደቁትን፣ በተለይም ከሌላ ምድር ተሰደው የመጡትን፣ በዚህ ሥፍራ ማስታወስ ተገቢ ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከመረብ ወንዝ ማዶ፣ በኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ሥር ከነበረችው ከኤርትራ መጥተው አዲስ አበባ የኖሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በእንደራሴው፣ ማለትም በኢጣሊያ ንጉሥ ስም አገር በሚገዛው ሹም፣ በሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ ወረወሩ። አብርሃ ከቤቱ ሲወጣ የኢጣሊያን ባንዲራ ወለሉ ላይ ዘርግቶ በሳንጃ እንደቸነከረውና የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ከሳንጃው ጋር እንዳሰረው ይነገራል፤ የቅኝ ገዢው መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ለነበረ ሰው ከዚህ የጠራ የጦርነት አዋጅ አይገኝም። ግራዚያኒ ቆስሎ ተረፈ፤ የአዲስ አበባ ሕዝብ ግን ለ3 ቀናት ተጨፈጨፈ፣ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ሁለቱ ወጣቶች አምልጠው በሸዋ በረሃ በኋላ ራስ ከተባሉት ከአበበ አረጋይ አርበኞች ጋር ከተገናኙ በኋላ፣ ወደ ሱዳን ሲያቀኑ መንገድ ላይ ተገደሉ። መደበኛ ወታደሮች አልነበሩም፤ አሟሟታቸው ግን የወታደር ነው። የሸዋ ሮቢት መምህራን የካቲት 12ን ሲያስተምሩ የእነዚህን ልጆች የትውልድ አገርም አብረው ይንገሩ።